ለጭስ ማውጫ የተሸጠው ፈረስ

«ፈረሱን ለጭስ ማውጫ የሸጠ ልጅ፣ ምኑን ስበን ነው የምናለቅስለት?»

ይህን ያለው ትዕዛዙ ነው፤ የገበየሁ ታናሽ ወንድም፣ የጥርባ ፈረሰኞች አለቃ። ተቆጥቶ ቢለው ይሻል ነበር። እሱ ግን በሩ አጠገብ መደቡ ላይ ተቀምጦ፣ የጠላ ብርጭቆውን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ፣ ስለ ዝናቡ እንደሚያወራ ሰው ቀስ ብሎ ነው ያለው። በዚያ ቤት ጓዳውን ከሳሎኑ የሚለየው በጭቃ የተመረገ ቀርከሃ ብቻ ነው። ጓዳ ሆና ከጎረቤት የተለቃቀሙትን ብርጭቆዎች የምታጥበው ማስተዋል ሁሉንም ሰማች፤ እጇ ውኃው ውስጥ እንዳለ ቀረ። «ልጅ» የተባለው ወንድሟ ደረሰ ነው፤ ዛሬ አርባው። አባቷ አንድ ነገር ይል እንደሆነ ጠበቀች። ገበየሁ ሳል አለ፣ ብርጭቆውን መሬት አስቀመጠ። ሌሎቹ ሽማግሌዎችም ብርጭቆ ብርጭቆአቸውን አዩ። ውጭ ድንኳኑ ላይ ያደረውን ውኃ አንድ ሰው በእንጨት ሲገፋው፣ ዷ ብሎ ሲወርድ ብቻ ተሰማ።

የአገሩን ወግ ለማታውቁት ልንገራችሁ። በዚያ ሰፈር ወንድ ሲሞት ፈረሰኞቹ ተሰልፈው ሜዳ ይወጣሉ፤ ከፊት ከፊታቸው የሟቹ ፈረስ ተሸልሞ ይሳባል፤ አስለቃሿም ፈረሱን እያየች ታለቅሳለች። ፈረሱ ከሌለ ፈረሰኞቹ ምን ተከትለው ይወጣሉ? ደረሰ በሐምሌ ነበር ባሕር ዳር ሆስፒታል ውስጥ የሞተው፤ ኩላሊቱን ታሞ። አስከሬኑ ሲመጣ ወንዙ ሞልቶ፣ ሜዳው ረግረግ ሆኖ ፈረስ የሚወጣበት አልነበረምና በችኮላ ቀበሩት፤ «ወጉ ለአርባው ይድረሰው» ተባለ። አርባው ይኸው ደረሰ። ፍትሐቱ ሌሊት አልቋል፤ ለቅሶው ከሰዓት በኋላ ሜዳ ይወጣል። የሚሳበው ፈረስ ግን የለም።

ፈረስማ ነበረው። ገበየሁ ከውርንጭላነቱ ጀምሮ በእጁ ያሳደገውን ቡላ ፈረስ ነበር ለልጁ የሰጠው። ደረሰ ደግሞ አይሱዙ እየነዳ የእንጅባራን ድንች ባሕር ዳር የሚያመላልስ ሾፌር ነበር፤ የላቡን ዋጋ አጠራቅሞ አንዲት አሮጌ ዲኤክስ ገዛ፤ ያቺን ጎበዝ ሁሉ የሚያብድላትን፣ አራት ማዕዘን የመሰለች የድሮ ቶዮታ። ሞተሯን አስፈታ፣ አስሞረደ፣ አስገጠመ። ይህን ሁሉ አባቱ አይቶ አልተናገረም። ባለፈው ፋሲካ ግን ደረሰ ቡላውን ገበያ አውጥቶ ሸጠውና፣ በዋጋው ልክ ከአዲስ አበባ የጭስ ማውጫ አስመጣ፤ ከሞተሩ የሚነሳ ባለ አራት ጣት ቧንቧ፣ ወፍራም መካከለኛ ቧንቧና ጭሱ በመጨረሻ የሚወጣበት፣ ገብስ መስፈሪያ የሚያህል ማርሚታ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባትና ልጅ ተጣሉ አይባልም፤ ካንድ ማዕድ እየበሉ ዝም ተባባሉ። ጨው አቀብለኝ እንኳ የሚባባሉት በማስተዋል በኩል ነበር። ቧንቧው ሳይገጠም ደረሰ ታመመ፤ ዝምታው ሳይፈታ ሞተ። መኪናዋ እስካሁን ዳንግላ፣ ሱሀይል የሚባል መካኒክ ጋራዥ ውስጥ ናት።

ማስተዋል እጇን በቀሚሷ ጠርጋ፣ ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቃ ለብሳ ወደ ሳሎን ወጣች።

«አባ፣ ዳንግላ ደርሼ ልምጣ።»

ገበየሁ ቀና አላለም። «ዛሬ?»

«ዛሬ።»

«ለቅሶው ዘጠኝ ሰዓት ይወጣል።»

«እደርሳለሁ።»

«ምን ልታመጪ ነው?» አለ ትዕዛዙ።

«የሚሳብ ነገር።»

አንዱ ሽማግሌ ጠላው ትን አለው። ትዕዛዙ ግን አልሳቀም። ብድግ ብሎ እስከ አጥሩ በር ተከተላትና፣ እዚያ ቆሞ በጣቱ ሳይሆን በአለንጋው እጀታ ደረቷን ሊነካ ምንም እስኪቀረው ድረስ ጠቆማት። «ስሚ ልጄ። እኔ የወንድሜን ልጅ ጠልቼ አይደለም። እዚያ ሜዳ ላይ ሃያ ሠላሳ ፈረስ ይቆማል፤ ላያቸው ላይ የሰው ልጅ አለ። ያቺ የምታጓራ ነገር አንዱን ብታስደነብርብኝ ሰዎቼን ይዤ እመለሳለሁ። ለደረሰም ከዛሬ ሌላ ቀን የለውም። ሁለተኛ ለቅሶ አይወጣለትም።» እሷም «እሺ አጎቴ» ብላ ወጣች። እሺ ያለችው ለምኑ እንደሆነ ግን እሷም አታውቀውም።

ከጥርባ እንጅባራ በባጃጅ፣ ከእንጅባራ ዳንግላ በሚኒባስ ነው። ሚኒባሱ ሰው ሳይሞላ አልነሣ አለ። ረዳቱ «አንድ ሰው! አንድ ሰው!» ይላል፤ አንድ ሰው ሲገባ ደግሞ «አንድ ሰው!» ይላል። ማስተዋል እግሯ ወለሉን ሳታዝዘው ይመታል። ከታሪፉ በላይ ተጠየቀች፤ ከፈለች፤ ሌላ ቀን ቢሆን ትከራከር ነበር። አጠገቧ የተቀመጠችው ሴት ጥቁር ልብሷን አይታ አላስቻላትም። «ማን ሞቶብሽ ነው?» አለቻት። «ወንድሜ።» «ታላቅሽ ወይስ ታናሽሽ?» «ታላቄ።» «እግዚኦ! ልጅ አለው?» ማስተዋል በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። «መኪና አለው» አለች። ሴትዮዋ ከንፈሯን መጠጠችና፣ ይሄ መልስ ይሁን አይሁን ግራ ገብቷት ወደ ሌላኛው ጎረቤቷ ዞረች። በመንገዱ ግራና ቀኝ ለከሰል የሚተከለው የዲከረንሱ ዛፍ ጥቅጥቅ ብሎ ቆሟል፤ ከሥሩ የከሰል ጆንያ በሣር አፉ ተወትፎ ተደርድሯል። አዲስ ቅዳም ላይ ሚኒባሱ ለጭነት ቆመ። ማስተዋል ወርዳ በእግሯ ብትሮጥ የምትቀድመው መሰላት።

የሱሀይል ጋራዥ ከገበያው ጀርባ፣ በቆርቆሮ የታጠረች ጠባብ ግቢ ናት። መሬቷ በዘይት ጠቁሮ እንደ አስፋልት ጠንክሯል። ዲኤክሷ አራቱን እግሯን ግንድ ላይ አድርጋ ከፍ ብላ ቆማለች፤ ሆዷ ባዶ ነው፤ አሮጌው ቧንቧ ተፈትቶ ግድግዳ ተደግፏል፤ አዲሱ ገና ከካርቶኑ አልወጣም። ሱሀይል ሲያያት ከተቀመጠበት የጎማ ክምር ተነሣ። ጎልማሳ ነው፤ በሳምንት አንድ ቀን ከደረሰ ጋር ምሳ ሳይበላ የማይውል ሰው ነበር። ነፍስ ይማር አላት፣ አሏህ ያጽናችሁ አላት፣ ወንበር ጠረገላት። እሷ አልተቀመጠችም።

«ቧንቧው ዛሬ ይገጠምልኝ።»

«ዛሬ?»

«አሁን። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጥርባ መድረስ አለብኝ፤ ፈረሰኞቹ የሚወጡት ያኔ ነው።»

«ደረሰ ይሙት፣ ዛሬ አይሆ—»

አፉ ላይ ቀረ። የለመደ አፍ ነው፤ ዘመኑን ሁሉ በደረሰ ስም ሲምል ኖሮ፣ የሚምልበት ሰው መሞቱን ምላሱ ገና አልሰማም ነበር። ሱሀይል እጁን አፉ ላይ አደረገ። ማስተዋልም ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ቀን ፈገግ አለች፤ ከፈገግታው ጋር እንባዋ ወረደ። ከዚያ በኋላ ሱሀይል አይሆንም ለማለት አቅም አላገኘም። ችግሩን ብቻ ነገራት። መብራት ከትናንት ጀምሮ የለም፤ መብራት ከሌለ ብየዳ የለም፤ ብየዳ ከሌለ መጋጠሚያው አይታተምም። አንድ መፍትሔ አለ፤ በብሎን በሚጠብቅ የብረት ማሰሪያ አስሮ መላክ። ትንሽ ጭስ ያፈስ ይሆናል፣ ጥርባ ግን ያደርሳታል።

«ሌላም መንገድ አለ» አለና ግድግዳውን ወደተደገፈው አሮጌ ቧንቧ አየ። «ይህን ብመልስልሽ ቶሎ አልቃለሁ። ድምፅ የሚባል የላትም፤ ሕፃን አትቀሰቅስም። ፈረስ አለ አላልሽኝም?»

ማስተዋል አሮጌውን ማርሚታ አየችው። ዝጎ ሆዱ ተቀዷል፤ በቆርቆሮ ተጣፍቷል። ይህን አስገጥማ ብትሄድ አጎቷ አንዲት ቃል አይወጣውም። ፈረሶቹ አይደነብሩም፤ ለቅሶውም በሰላም ያልቃል። ቡላው ግን በከንቱ ተሸጠ ማለት ነው። ሰው ሁሉ ያ ፈረስ የሄደበትን ነገር ሳያይ፣ ሳይሰማ ቀረ ማለት ነው። «ምን ይፈይዳል ግን ይሄ ወፍራሙ?» አለች በመጨረሻ፤ ከፋሲካ ጀምሮ ልትጠይቀው ስትፈልግ የኖረችውን። «እውነት ንገረኝ። ለጩኸት ብቻ ነው?»

«ጩኸትማ ለጎረምሳ ነው» አለ ሱሀይል፣ አሁን ሙያው ተነክቶበት። «ሞተር እኮ ይተነፍሳል። የገባበትን አየር አቃጥሎ ካላስወጣ ሌላ አይገባለትም። አሮጌው ጠባብ ነው፤ ጉንፋን የያዘው ሰው ሆኖ ነው ዳገት ስትወጣ የኖረችው። ደረሰ ‹እሷ ደካማ አይደለችም፣ አፍነናት ነው› ይል ነበር። አንድ ቀን እንኳ በልኳ ስትተነፍስ ሊሰማት ነበር የፈለገ።»

«አዲሱን ግጠም» አለች ማስተዋል።

ሱሀይል ካርቶኑን ቀደደ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሰዓት እሷ በግቢው ውስጥ ስትንጎራደድ ነው ያሳለፈችው። እሱ ከመኪናዋ ሥር ተኝቶ እግሩ ብቻ ይታያል፤ «አሥራ አራት ቁልፍ»፣ «አይ፣ ትልቁን» እያለ እጁን ይዘረጋል፤ እሷ ታቀብላለች። አንዱ ብሎን ዝጎ አልፈታ አለው፤ በመዶሻ መታው፣ ናፍጣ ቀባው፣ ሰደበው። ዋሂዳ የምትባለው ሚስቱ በአጥሩ በኩል ምሳ አምጥታ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ሐዘንተኛ ፊት እንዲህ ያለ ስድብ!» ብላ ገሠጸችው፤ ከመኪናው ሥር «ብሎኑን እኮ ነው!» የሚል ድምፅ መጣ። ማስተዋል ምሳውን አልነካችም። ስልኳን ታያለች፤ ኔትወርኩ ይመጣል፣ ይሄዳል። ከአባቷ የተደወለ የለም።

ሞተሩ ሲነሣ የግቢው ቆርቆሮ ሁሉ ተንቀጠቀጠ። ሱሀይል ጆሮውን ወደ ኋላ አዙሮ ቆሞ፣ የቄስ ቡራኬ እንደሚቀበል ሰው ዓይኑን ጨፈነ። «ቀስ ካልሽ ትታዘዝሻለች» አላት በመስኮቱ። «እግርሽን ብቻ አደራ።»

መንዳት ያስተማራት ደረሰ ነው፤ መንጃ ፈቃድም አላት። እስከ አዲስ ቅዳም እግሯን አደራ ጠበቀች። ከከተማው ወጥታ መንገዱ ባዶ ሲሆን ግን፣ ሰዓቱም እየሄደ ነበርና፣ ልቧም እንደታፈነ ነበርና፣ ረገጠችው። ያ ድምፅ ከኋላዋ ተነሥቶ መኪናዋን ሞላት። ወንድሟ ያልሰማው ድምፅ ነው። ማስተዋል ጮኸች፤ ምን ብላ እንደጮኸች አልሰማችውም። ኩርባውን ስትዞር ከሰል የጫነች አህያ መሐል መንገድ ላይ ነበረች። ፍሬኑ ያዘላት፤ አህያዋ ግን በድምፁ ደንብራ ቦይ ውስጥ ገባች፣ ጆንያው ተቀዶ ከሰሉ ጭቃው ላይ ተበተነ። ባለቤቷ ጎልማሳ ሴት ነች፤ በአንድ እጇ አህያዋን፣ በሌላው ራሷን ይዛ መጣች።

«ምን ዓይነት የእብድ ልጅ ነሽ! በዚህ ድምፅሽ የሞተም ትቀሰቅሻለሽ!»

«ምነው በቀሰቀስኩ» አለች ማስተዋል፤ አፏ ላይ የመጣላት እሱ ነው። ሴትዮዋ ጥቁሯን፣ የተዘቀዘቀውን ነጠላዋን አየች። ስድቧን ዋጠችው። ሁለቱ ተንበርክከው ከሰሉን ለቀሙ፤ ጆንያውን በሣር ወተፉ፤ አህያዋን አብረው ጫኑ። «በይ ሂጂ፤ ቀስ ብለሽ ሂጂ» አለቻት ሴትዮዋ። ማስተዋል ከዚያ በኋላ እስከ ጥርባ በሁለተኛ ማርሽ ሄደች። እጇ ከሰል ነው፤ መሪውም ከሰል ሆነ። አጎቷ እውነቱን ነው። አህያ እንዲህ የሆነች ፈረስ ምን ይሆናል? ተመልሳ አሮጌውን እንዳታስገጥም ጊዜ የለም። መኪናዋን መንገድ ዳር አቁማ በእግሯ ብትገባ ደግሞ ደረሰን የሚወክለው ምንም የለም። ዳገቱ ላይ ሁለት ጊዜ ልትቆም ፈልጋ ሁለቱንም ጊዜ አልቆመችም።

ሜዳው ላይ ሰው ሞልቷል። ሴቶቹ በአንድ ወገን፣ ወንዶቹ በሌላው ቆመዋል፤ ፈረሰኞቹ ፈረሶቻቸውን በቀይና በቢጫ ግላስ ሸልመው ጫፍ ላይ ተሰልፈዋል። አስለቃሿ ማናለብሽ መሐሉ ላይ ብቻዋን ናት፤ ከፊቷ ባዶ ሣር ነው ያለው። ማስተዋል በአንደኛ ማርሽ ገባች። ነዳጁን እንደ እንቁላል ነው የምትረግጠው። ቢሆንም አንድ ዳለቻ ፈረስ የፊት እግሮቹን አነሣ፤ ላዩ ላይ ያለው ጎልማሳ አንገቱን አቅፎ ነው የተረፈ። ትዕዛዙ አለንጋውን ወደ ላይ አደረገ። ሁሉም ነገር ቀጥ አለ። በፈረሱ እስከ መስኮቷ ድረስ መጣ። አለቀ፣ አለች በልቧ።

«አጎቴ፣ እግሬን አንስቻለሁ። ከዚህ በታች ድምፅ—»

«ድምፁን ተይው!» አለ ትዕዛዙ። ፊቱ ገርጥቷል። «ኮርቻው ላይ ማን ተቀምጦ ነው?»

አልገባትም። አየችው።

«በሙት ኮርቻ ላይ ማን ይቀመጣል? የሟች ፈረስ ባዶውን ነው የሚሄደው። በዚህ ሜዳ ስታለቅሺ አልኖርሽም?»

ያን ጊዜ ከእግሯ እስከ ራሷ አፈረች። ቀኑን ሙሉ ስለ ቧንቧው ስታስብ፣ ስለ ድምፁ ስትጨነቅ፣ የወንድሟ ወንበር ላይ ራሷ መቀመጧን አላየችውም። ወጉን ከሕፃንነቷ ታውቀዋለች፤ መኪና ላይ መሆኑ ነው ያሳታት። መኪናዋን ከማርሽ አውጥታ፣ ሞተሩን ሳታጠፋ ወረደች። ከኋላ በኩል አንድ ሽማግሌ ለጎረቤቱ በአዊኛ አንድ ነገር ሲል፣ ሌላው «አዎ፣ ወንበሯን ኮርቻ ነው ያለው፤ አለቃው ራሱ ነው ያለው» ብሎ በአማርኛ መለሰለት። ትዕዛዙ ሰምቷል። የፈረሱን ጆሮ እያየ ቆየና፣ አለንጋውን ቀስ ብሎ አወረደ።

መኪናዋ ብቻዋን ቆመች፤ በሯ ተከፍቶ፣ ወንበሯ ባዶ ሆኖ። ነዳጁን የሚረግጥ እግር የለምና ድምፁ ወደ ታች ወረደ፤ ከመሬት ውስጥ እንደሚመጣ ነገር ዝግ ብሎ ይሰማል። ዳለቻው ጆሮውን ወደ ፊት አቀና፤ አዳመጠ፤ ከዚያ ራሱን ዝቅ አድርጎ ሣር ነጨ። ማንም ግን አልተንቀሳቀሰም። የሟችን ፈረስ የሚስበው የቅርብ ዘመድ ነው፤ የቅርብ ዘመዱ ደግሞ ከወንዶቹ መሐል ቆሞ መሬት መሬት ያያል።

በመጨረሻ ገበየሁ ተራመደ። ወደ በሩ አልሄደም፤ ወደ ኋላ ዞረ። ጎንበስ ብሎ ያን ወፍራም ቧንቧ አየው፤ በዋጋው ከቡላው ጋር የተተካከለውን። እጁን ዘርግቶ መዳፉን ከቧንቧው አፍ ፊት አደረገ፤ ፈረስ ሊገዛ የመጣ ሰው ከፈረሱ አፍንጫ ፊት እንደሚያደርገው። ትንፋሹ መዳፉን መታው። ከዚያ ቀና አለና ለልጁ፣ ለሕያዋ ልጁ፣ «መሳቢያው የቱ ነው?» አላት።

ማስተዋል በሩን ዘጋችና በመስኮቱ አሳየችው። «መሪው ነው አባ። ወደሚፈልጉበት ያዙሩት። እኛ ከኋላ እንገፋለን።»

ገበየሁ በመስኮቱ እጁን አስገብቶ ከሰል የነካውን መሪ ያዘ። ማስተዋልና ጎረምሶቹ ከኋላ ትከሻቸውን ሰጡ። ጎማው ሣሩን ለቆ ተንከባለለ። ትዕዛዙ ከፈረሰኞቹ ፊት ሄዶ ቦታውን ያዘ፤ ሰልፉም ከመኪናዋ ኋላ ራቅ ብሎ ተነሣ። ማናለብሽ ከጎን መጣች፤ ልታነሣው አፏን ከፈተችና ቆመች። በዚያ አገር ወንድ ሲለቀስ በፈረሱ ስም ነው የሚጠራ፤ አባ እገሌ ተብሎ።

«አያ ገበየሁ፣ በምን ስም ላንሣው? አባ ቡላ እንዳልለው ቡላው የለም።»

ገበየሁ መሪውን ይዞ ጥቂት ተራመደ። ድምፁን እየሰማ ነበር። ከፋሲካ ወዲህ የልጁን ነገር በተመለከተ አንዲት ቃል ከአፉ አልወጣችም ነበርና፣ ማስተዋል ከኋላ ሆና መግፋቷን ሳትተው ጆሮዋን ሰጠች። የጭስ ማውጫው ሙቀት በቀሚሷ ውስጥ ቅልጥሟን ያሞቀዋል።

«አባ ጉርምርም በይው» አለ ገበየሁ።

ማናለብሽ ስሙን አንድ ጊዜ ለራሷ በከንፈሯ አለችው፤ ልኩን አየች። ከዚያ ሜዳው እስኪያስተጋባ ጮክ ብላ ጠራችው።